የቧንቧ ውሃችንና የልጆቻችን ጥርስ



በአንድ ቤት የሚያድጉ ሁለት ልጆች አሉ እንበል። ወላጆቻቸው በሥራ ዝውውር ምክንያት ከአዲስ አበባ ተነሥተው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወደምትገኝ ከተማ ሲሄዱ የመጀመሪያዋ ልጅ 9 ዓመቷ ነበር። ሁለተኛው ልጅ የተወለደው እዚያው ነው። ዛሬ ታላቂቱ ስትስቅ ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነው። የታናሽየው የፊት ጥርሶች ግን ከበቀሉበት ቀን ጀምሮ ቡናማ መስመርና ነጠብጣብ ይታይባቸዋል። በየቀኑ ቢታጠብም አልለቀቀም። ጎረቤት ያየውና «ይህ ልጅ ጥርሱን አይፋቅም እንዴ?» ይላል። አባት «አንቺ ነሽ ያልተከታተልሽው» ሲል፣ እናት ደግሞ «ይህ ከእናንተ ዘር የመጣ ነው» ትላለች። ልጁም በትምህርት ቤት ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ጀምሯል።

ይህን ለምሳሌ ያህል አቀረብነው እንጂ፣ በአዋሽና በሐይቆች አካባቢ ባሉ ከተሞች የምትኖሩ ተመሳሳዩን በቅርብ ታውቁ ይሆናል። በዚህ ቤት ውስጥ ጥፋተኛ የለም። እናት አልሰነፈችም፤ ከዘር የተወረሰ ነገርም የለም። የሁለቱን ልጆች ጥርስ የለያየው፣ ጥርሳቸው ገና ከድድ ሥር ሳለ የጠጡት ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ ያለውም ነገር ፍሎራይድ ይባላል።

ፍሎራይድ የሚለውን ስም ብዙዎቻችሁ በጥርስ ሳሙና ቱቦ ላይ አንብባችሁታል። እዚያ ላይ የተጻፈው ጥርስን ስለሚጠብቅ ነው። ታዲያ ጥርስን የሚጠብቅ ነገር እንዴት ጥርስን ያበላሻል? መልሱ ባጭሩ መጠኑ ነው። በልኩ ሲሆን ይጠብቃል፤ ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል። ስለሆነም ባልና ሚስት ስለ ልጆቻቸው ጥርስ ሲያስቡ መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ «የምንጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? ምን ያህል ፍሎራይድስ አለው?» የሚለው ነው።

ጥርስ የሚበሰብሰው እንዴት ነው?

ሰው ሁሉ «ጥርሴን ትል በላው» ይላል። በጥርስ ውስጥ የሚኖር ትል ግን የለም። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። እነዚህ ተሕዋስያን በጥርስ ላይ እንደ ስስ ሙጫ ተለጥፈው ይኖራሉ። ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር ስንበላ እነርሱም ከዚያው ይመገቡና አሲድ ያመነጫሉ። አሲዱ ከጥርስ የውጭ ሽፋን ላይ ማዕድን እየሸረሸረ ያወጣል። ከምግብ በኋላ ምራቃችን አሲዱን ያለዝብና የወጣውን ማዕድን ወደ ቦታው ይመልሳል።

እንግዲህ በአፋችን ውስጥ በየቀኑ የመሸርሸርና የመጠገን ሥራ ይካሄዳል ማለት ነው። ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ቢመገብ ምራቅ ለጥገናው በቂ ጊዜ ያገኛል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ በየሰዓቱ የሚጠጣ ወይም ለስላሳ መጠጥ እየተጎነጨ የሚውል ሰው ግን ለጥገናው ጊዜ አይሰጥም። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር እንዳለ ልብ በሉ። በከተማ የሚኖሩ ልጆች ከገጠር ልጆች ይልቅ ለጥርስ መቦርቦር የሚጋለጡት አንዱ ምክንያት ጣፋጭ ነገር በየሱቁ በቅርብ ስለሚያገኙ ነው።

ፍሎራይድ በዚህ ሥራ ውስጥ የጠጋኙ ረዳት ነው። በምራቅ ውስጥ ጥቂት ፍሎራይድ ሲኖር፣ የወጣው ማዕድን ቶሎ ወደ ጥርሱ ይመለሳል፤ የተጠገነውም ቦታ አሲድን ይበልጥ የሚቋቋም ይሆናል። ይህ ጥቅም የሚገኘው በዋነኛነት ፍሎራይዱ የበቀለውን ጥርስ ከላይ ሲነካው ነው። ለዚህም ነው የጥርስ ሳሙና ለአዋቂም ለሕፃንም የሚጠቅመው።

ይህ እውቀት ከየት መጣ?

ነገሩ የታወቀው ከጉዳቱ በኩል ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሥራ ጀመረ። እዚያ ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ለማወቅ ረጅም ዓመታት ሲደክም ቆየ። በመካከሉም ቡናማ የሆኑት ጥርሶች እንደ ሌሎቹ ቶሎ እንደማይበሰብሱ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1931 ቸርችል የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ የተለያዩ ከተሞችን ውሃ መርምሮ ምክንያቱ በተፈጥሮ በውሃው ውስጥ ያለው ከፍተኛ ፍሎራይድ መሆኑን ደረሰበት።

ከዚያ በኋላ ትሬንድሊ ዲን የተባለው የመንግሥት የጥርስ ሐኪም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ሲኖር ጥርስ እምብዛም ሳይበልዝ መበስበሱ እንደሚቀንስ አሳየ። በዚህ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለችው የአሜሪካ ከተማ ፍሎራይድ ባነሰው የቧንቧ ውሃዋ ላይ ፍሎራይድ በመጨመር ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። በዓመታት ክትትልም ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች የጥርስ መበስበስ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ዛሬ ሕዝቡ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ስለሚጠቀም ከውሃው የሚገኘው ተጨማሪ ጥቅም እንደ ያኔው አይደለም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2015 የሚመከረውን መጠን ወደ 0.7 ሚሊግራም ዝቅ አድርጋለች።

በአገራችን የከተማ ውሃ ላይ ግን ፍሎራይድ ሆን ተብሎ አይጨመርም። በእኛ አገር በቧንቧም በጉድጓድም የሚገኘው ፍሎራይድ ከመሬት የሚመጣ ብቻ ነው። በመሆኑም አንዱ ከተማ ሲያንሰው ሌላው ከተማ ይትረፈረፈዋል።

የእኛ አገር ውሃ እንዴት ነው?

የስምጥ ሸለቆ መሬት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሞላ ነው። ከሥሩም ሙቀት አለ። ውሃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይወስዳል። በተለይም ውሃው ሙቅ ሲሆንና ካልሲየም ሲያንሰው ፍሎራይዱ ይበዛል። በዚህ ምክንያት በመተሐራ፣ በወንጂ፣ በአዳማ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ የተቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚሆን ፍሎራይድ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ።

በአንጻሩ ከደጋ ወንዞችና ከግድቦች የሚመጣ ውሃ ፍሎራይዱ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የአዲስ አበባ ውሃ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የአዳማ ከተማም ከጉድጓድ ይልቅ ተጣርቶ የሚቀርብ የአዋሽ ወንዝ ውሃ እንድትጠቀም የተደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው የፍሎራይድ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ በከተማ ስም ብቻ መፍረድ አይገባም። በአንድ ከተማ ውስጥ በቅርብ ርቀት ያሉ ሁለት ጉድጓዶች በጣም የተለያየ መጠን ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ሰፈር የወንዝ ውሃ ሲደርሰው ሌላው የጉድጓድ ውሃ ሊደርሰው ይችላል። ፍሎራይድ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። ኩልል ያለ ንጹሕ ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። መጠኑ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ የከተማችሁን የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት «የእኛ ሰፈር ውሃ ከየት ነው? ፍሎራይዱስ ምን ያህል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሲበዛ ምን ያደርጋል?

ከፍተኛ ፍሎራይድ የልጅን ጥርስ የሚያበላሸው ጥርሱ በሚሠራበት ዘመን ነው። ቋሚ ጥርሶች በ6 ዓመት ገደማ መብቀል ይጀምሩ እንጂ፣ ከድድ ሥር መሠራት የሚጀምሩት ልጁ ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ሰው ሲስቅ የሚታዩት የፊት ጥርሶች ይበልጥ የሚጎዱት በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ውስጥ ነው። ከመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች በስተቀር፣ ሁሉም እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ሽፋናቸው ተሠርቶ ያልቃል።

በዚህ ጊዜ ልጁ ብዙ ፍሎራይድ ከጠጣ የጥርሱ ሽፋን ሳይጠነክር ይቀራል። ሲቀል ነጭ ጭረት ብቻ ይታያል። ሲጠና ጥርሱ ኖራ መስሎ ይበቅልና ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል። እጅግ ሲጠና ሽፋኑ እየተቦደሰ ጥርሱ ይጎደጉዳል፤ እንዲህ ያለው ጥርስ ደግሞ ለመበስበስ ይጋለጣል። ስለሆነም «ጥርሱ የበለዘ ሰው ጥርሱ አይበላም» ብላችሁ አትዘናጉ።

የቡናማነቱ ምንጭ በጥርሱ አሠራር ውስጥ ስለሆነ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በከሰል መፈግፈግ ጤነኛውን ሽፋን ጭምር ይጎዳል። አንዳንዶች በረኪና ይሞክራሉ፤ ይህ አፍንና ጉሮሮን የሚያቃጥል አደገኛ ነገር ነው። የጥርስ ሐኪም ግን መልኩን የሚያሻሽልበት ሕክምና ስላለው ልጁ ካደገ በኋላ ማማከር ይቻላል።

በምሳሌያችን ያለችው ታላቂቱ ልጅ ጥርሷ ያልተበላሸው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ወደዚያ ከተማ ስትደርስ 9 ዓመት ስለሞላት የጥርሶቿ ሽፋን ተሠርቶ አልቆ ነበር። አዋቂ ሰውም ወደ ስምጥ ሸለቆ ቢዛወር ጥርሱ አይበልዝም።

አዋቂው ግን ከሌላ ጉዳት አያመልጥም። እጅግ ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ፍሎራይዱ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል። መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ወገብና አንገት አልታጠፍ ይላል፣ ሲከፋም ነርቭ ተጫጭኖ ሰው መራመድ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተቋቋመው የወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ በቆዩ ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ መታየቱን ሐኪሞች መዝግበዋል። እርሻውም ከውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚያወጡ መሣሪያዎችን ተክሎ ነበር።

በአእምሮ ዕድገት ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የአሜሪካ መንግሥት የጥናት ተቋም በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን መርምሮ፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ የሆነ ፍሎራይድ ከልጆች የአእምሮ ችሎታ መቀነስ ጋር ግንኙነት እንደሚታይበት ገልጿል። ይህ የሚመለከተው ከልክ ያለፈውን መጠን ነው። የጥርስ ሳሙናችሁን እንድትጥሉ የሚያደርግ አይደለም፤ የጉድጓድ ውሃን መጠን ለማወቅ ግን ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ምን ታድርግ?

የሕፃኑ የወተት ጥርሶች መሠራት የሚጀምሩት በማሕፀን ውስጥ ነው። ፍሎራይድ ከእናት ወደ ፅንስ ስለሚያልፍ፣ ውሃው ከፍተኛ በሆነበት ከተማ ነፍሰ ጡሯ በተቻለ መጠን አነስተኛ ፍሎራይድ ያለውን ውሃ ብትጠጣ ይመረጣል።

ጡት ማጥባትን በተመለከተ ግን የምሥራች አለን። እናቲቱ ብዙ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ጡት ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። የእናት ጡት ለሕፃኑ ጥርስ እንደ ማጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ውሃ በጡጦ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ግን ውሃው ያለውን ፍሎራይድ ሁሉ ይዞ ወደ ሕፃኑ ይገባል። ስለዚህ እስከ 6 ወር ድረስ ሕፃኑ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ውሃም፣ አብሽም፣ ቅቤም አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ቢጠባ መልካም ነው። የፊት ጥርሶቹ የሚሠሩት በዚሁ ጊዜ መሆኑን አስታውሱ።

በዚህ ላይ የልጆችን ዕድሜ ማራራቅ የሚያስገኘው ጥቅም ይታያል። ሁለተኛ እርግዝና ቶሎ ሲከተል ብዙ እናቶች የመጀመሪያውን ልጅ ያለ ጊዜው ጡት ያስጥላሉ። ጡት የተወ ልጅ ወደ ጡጦና ወደ ከተማው ውሃ ይዞራል። ጡት እያጠቡ ሊወሰዱ የሚችሉና የወተቱን መጠን የማይቀንሱ የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ስላሉ፣ ባልና ሚስት አብራችሁ መጥታችሁ ነርሷን አማክሩ።

«እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ አንድ ጥርስ ይዞ ይወጣል» የሚባለው ትክክል አይደለም። ፅንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ጊዜ ግን ድድ ቶሎ ይቆጣል፣ ይደማል። ማስመለስ ሲበዛም ከሆድ የሚወጣው አሲድ ጥርስን ይሸረሽራል። ካስመለሳችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ብሩሹን ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ድድ ስለደማ መታጠብ አይቋረጥም፤ እንዲያውም በለስላሳ ብሩሽ መቀጠል ነው የሚያሽለው። ጥርስ ያመማት ነፍሰ ጡርም እርጉዝ መሆኗን ነግራ ልትታከም ትችላለች።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ወይም ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሲሰጥ የልጁን ጥርስ ያበልዛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጡ።

ውሃችሁ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ከሆነ

በቅድሚያ የማይጠቅመውን እንናገር። ውሃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ በግማሽ ቢቀንስ በቀረው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በእጥፍ ይጨምራል። የውሃ ማከሚያ ክሎሪን፣ በጨርቅ ማጥለል፣ አሳድሮ ማዝቀጥና የተለመደው የሸክላ ማጣሪያም ፍሎራይድን አያስወግዱም።

የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ሌላ ውሃ መፈለግ ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም በሚባል ደረጃ ነው። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውንና አሸንዳውን ካጠበ በኋላ በንጹሕ በርሜል ማጠራቀም ይቻላል። ከመጠጣቱ በፊት ግን ለተሕዋስያኑ ሲባል ይፈላ። ተጣርቶ የሚቀርብ የወንዝ ውሃ የሚገኝበት ቦኖ በቅርብ ካለም ከዚያ መቅዳት ነው። የታሸገ ውሃ የምትገዙ ከሆነ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ መጠን አንብቡ።

ሁለተኛው ፍሎራይድን ለይቶ የሚይዝ ማጣሪያ ነው። በልዩ ምድጃ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚዘጋጅ የአጥንት ከሰል ፍሎራይድን ይስባል። አሉምና ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥም በሕንድ አገር ተጀምሮ በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የተሠራበት ዘዴ ነው። ሁለቱም መጠንና ክትትል ይፈልጋሉ፤ ማጣሪያው ሲጠግብ መለወጥ አለበት። ስለዚህ በግምት በቤት ከመሞከር ይልቅ ከውሃ ባለሙያ ጋር ተመካክሮ፣ ቢቻል በማኅበር ሆኖ ማቋቋም ይሻላል።

ሦስተኛው ያለውን መልካም ውሃ ለሚያስፈልገው መስጠት ነው። ቤተሰቡን ሁሉ የሚያዳርስ ውሃ ባይገኝ እንኳ ለትንሹ ልጅ የሚበቃ ይገኛል። የ2 ዓመት ልጅ ለመጠጡና ለምግቡ በቀን 1 ሊትር ተኩል ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ10 ቀን በላይ ያቆየዋል ማለት ነው። ጀሪካኑን ለብቻው አስቀምጡ፤ ለልጁ መጠጥ፣ ለአጥሚቱ፣ ለገንፎውና ለሾርባው ብቻ ተጠቀሙበት። ምግብ የተቀቀለበትን ውሃ ፍሎራይድ ይወስዳልና «የምጠጣው ብቻ ነው» አትበሉ። የከተማውን ውሃ ደግሞ ለልብስ፣ ለገላና ለቤት ማጽጃ አድርጉት፤ ፍሎራይድ በቆዳ በኩል ገብቶ አይጎዳም።

ሻይንም አስቡ። የሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ አለው። ፍሎራይዱ በበዛ ውሃ ሲፈላ ሁለቱ ይደመራሉ። ሻይ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳያገኝም ስለሚከለክል ለትንንሽ ልጆች ባይሰጥ ይመረጣል። ወተት ግን ካልሲየሙ ፍሎራይዱ ወደ ሰውነት በብዛት እንዳይገባ ስለሚቀንስ ጥሩ ነው።

ውሃችሁ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ

በደጋ ከተሞች የምትኖሩ ባልና ሚስት የልጆቻችሁ ጥርስ አይበልዝም። ነገር ግን ውሃችሁ ከመበስበስ አይጠብቃቸውም። ስለሆነም የጥርስ ሳሙናው ሥራውን መሥራት አለበት።

ፍሎራይድ ያለው መሆኑ በቱቦው ላይ የተጻፈ የጥርስ ሳሙና ግዙ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን የግድ ማታ ከመኝታ በፊት ተጠቀሙ። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ሳይታጠቡ መተኛት ለጥርስ ክፉ ነው። ከታጠባችሁ በኋላ አረፋውን ትፉ እንጂ ብዙ ውሃ አትጉመጥመጡ፤ በጥርሱ ላይ የቀረው ጥቂት ፍሎራይድ ነው ሌሊቱን የሚሠራው።

ለልጆች መጠኑ ይለያል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ይበቃል። ትንሽ ልጅ ሳሙናውን ስለሚውጥ ወላጅ ቆሞ ያስታጥበው፤ ቱቦውም ከልጅ እጅ ይራቅ። ይህ መጠን በተለይ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በጥብቅ መጠበቅ አለበት። እዚያ ያሉ አዋቂዎች ግን ጥርሳቸው ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ሳሙናውን ያለ ሥጋት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የወይራ መፋቂያም በደንብ ከተፋቁበት ጥርስ ያጸዳል፤ አትናቁት። ፍሎራይድ ግን አይሰጥም። ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፤ ቀን በመፋቂያ፣ ማታ በብሩሽና በሳሙና።

የስኳሩንም ነገር አትርሱ። ጣፋጭ ሲበላ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ይበላና ይለቅ። ሕፃን ጣፋጭ ነገር ያለበት ጡጦ እየጠባ አይተኛ። የወተት ጥርስ «ይወድቃል» ተብሎ አይተው፤ የበሰበሰ የወተት ጥርስ ያሳምማል፣ ከሥሩ ያለውንም ይጎዳል። በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ የሚበቅለውን መንጋጋ ደግሞ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ቋሚ ነው፤ ከወለቀ አይተካም። በብሩሹ እስከዚያ ድረስ መድረስን አትዘንጉ።

ባልና ሚስት ተመካከሩ

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሲታሰብበት ቀላል ነው። ልጁ ጥርስ ካበቀለ በኋላ እርስ በርስ መወቃቀስ ግን ጥርሱን አያነጣም። ውሃ መቅዳትና ልጅ መመገብ የእናት ብቻ ሥራ ተደርጎ መታየቱም ጉዳቱን ያባብሳል። አባት የውሃ ጽሕፈት ቤቱን ሄዶ ይጠይቅ፤ ጀሪካኑን ይሙላ፤ ማታ ልጁን ጥርሱን ያስታጥብ። እናት ጡት ታጥባ፤ ለሁለቱም ዕረፍት የሚሰጥ የልጆች ማራራቂያ ዘዴ ከባሏ ጋር ትምረጥ።

ጥርሱ የበለዘ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁን አትሸማቅቁት። «ጥርስህ የሆነው ከውሃው ነው፤ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም» በሉት። ለመምህሩም ለጎረቤትም ይህንኑ ንገሩ። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ሊወለድለት ከሆነ ደግሞ ጊዜው አሁን ነውና ስለ ውሃው ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

ወደ ክሊኒካችን ለምክር ስትመጡ፣ ስለ ጡት ማጥባትም ሆነ ስለ ልጆቻችሁ ጥርስ ያላችሁን ጥያቄ ለነርሶቻችን ከማቅረብ ወደኋላ አትበሉ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱም ለጎረቤታችሁ አውሱት።